የጓሮ አትክልት ንድፍና የፎቶግራፍ መዝገብ፦ በሰቆጣ ዙሪያ ላሉ ማሳዎች የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

በሰቆጣና በአካባቢው የዋግ ኽምራ ደጋዎች የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ባሉት ጥቂት ሳምንታት ተጠቃልሎ ይወርዳል። ከዚያ ውጭ ባሉት ወራት በጓሮ የሚለማ አትክልት ሕልውናው የሚወሰነው ከምንጭ፣ ከጉድጓድ፣ ከቤተሰብ ኩሬ ወይም ከወንዝ ተጠልፎ በሚገኝ ውኃ ነው። ውኃው ብዙውን ጊዜ በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ይመጣል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አንድ መደብ ጎመን ያለ አግባብ ውኃ ጠጣ ማለት የአንድ ሰው ድካም ባከነ ማለት ነው።

የጉዳዩ ክብደት ከውኃም ያልፋል። የኢትዮጵያ መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል በዚህችው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ይጠራል። መቀንጨርን ከሚከላከሉት ነገሮች አንዱ ልዩ ልዩ ምግብ ማግኘት ሲሆን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ጎመን ከገበያ ለማይገዛ ቤተሰብ የቅርብ ምንጩ ጓሮው ነው።

ታዲያ ጓሮው ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ እንዲሄድ ከተፈለገ አምና የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። የሰው ትውስታ ደግሞ ድርቁንና በረዶውን አጥብቆ ሲይዝ፣ በየትኛው መደብ ላይ ምን እንደተተከለና በስንተኛው ሳምንት እንደጠወለገ ግን ፈጥኖ ይረሳል። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ቀላል መሣሪያዎችን፣ ማለትም በወረቀት ላይ የሚሠራ ንድፍንና በእጅ ስልክ የሚነሣ ፎቶግራፍን አጣምሮ እንዴት መያዝ እንደሚቻል፣ እንዲሁም ከእነርሱ የውኃን ልክና የበሽታን ታሪክ እንዴት ማንበብ እንደሚቻል እንመለከታለን።

ንድፍና ፎቶግራፍ ምን ይለያቸዋል?

ንድፍ «የት?» እና «ምን ያህል?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ፎቶግራፍ በበኩሉ «መቼ?» እና «በምን ሁኔታ?» ለሚሉት ይመልሳል። ንድፍ ብቻውን የተያዘ እንደሆነ ጎመኑ የተተከለበትን ቦታ እንጂ ቅጠሉ በተባይ መበላቱን አይነግረንም። ፎቶግራፍ ብቻውን የተያዘ እንደሆነ ደግሞ የተበላ ቅጠል ያሳየናል፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ቅጠል በየትኛው መደብ ላይ እንደነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

በአማራ ክልል የሚገኝ አርሶ አደር ለዚህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር የተሰጠው የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የማሳውን ስፋትና በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑትን ባለይዞታዎች በቃላት የሚዘረዝር እንጂ ካርታ ያልነበረው ነው። በሁለተኛው ዙር ግን የማሳው ቅርጽ የተሣለበት ካርታ ተጨመረ። ቃልና ሥዕል ሲደጋገፉ ክርክር እንደሚቀንስ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በአንድ ኩሬ ወይም በአንድ ቦይ የሚጠቀሙ በርካታ ቤተሰቦች ባሉበት ቦታም የየመደቡ ስፋት በንድፍ ታውቆ ሲቀመጥ የውኃ አባቱ ተራውን በግምት ሳይሆን በልክ ለማከፋፈል ይረዳዋል።

ንድፉን ማዘጋጀት

ለምሳሌ ያህል ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ጓሮ እንውሰድ። ለሥራው የሚያስፈልጉት ገመድ፣ ካስማ፣ ሜትር፣ እርሳስና ባለ ካሬ ደብተር ብቻ ናቸው።

1. መነሻ ነጥብ መምረጥ። መነሻው ከዓመት ዓመት የማይንቀሳቀስ ነገር መሆን አለበት። የቤት ማዕዘን ወይም በመሬት ውስጥ የተቀበረ ትልቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ዛፍ ይወፍራል፣ አጥር ይታደሳል፣ ካስማ ይነቀላል።

2. ማዕዘኑን ማቅናት። በገመድ ላይ እኩል ርቀት ያላቸው 12 ክፍሎች በቋጠሮ ይለያሉ። ገመዱ 3፣ 4 እና 5 ክፍል ባላቸው ሦስት ጎኖች ሲወጠር በ3ና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። ይህ ከፓይታጎረስ ሕግ የሚመነጭ ነው። የእኛን ጓሮ በተመለከተ ማረጋገጫው ይበልጥ ይቀላል፤ ጎኖቹ 6ና 8 ሜትር ከሆኑ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚለካው ርቀት በትክክል 10 ሜትር መምጣት ይኖርበታል።

3. በወረቀት ላይ ማሳነስ። በመሬት ላይ ያለው 1 ሜትር በወረቀት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ 1 ለ50 የሆነ መጠነ ልክ ነው። ጓሮው በሙሉ 16 በ12 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በአንድ የደብተር ገጽ ላይ ይሰፍራል።

4. መደቦቹን መመደብ። እያንዳንዱ መደብ 1.2 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ በመካከላቸውም 40 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ቢተው፣ አራት መደቦችና ሦስት መተላለፊያዎች የ6 ሜትሩን ወርድ በትክክል ይሞሉታል። 1.2 ሜትር የተመረጠው ሰው ከሁለቱም ወገን አፈሩን ሳይረግጥ መሐል ድረስ እጁን ሊዘረጋ ስለሚችል ነው። ከርዝመቱ የሚተርፈው 3 ሜትር ለችግኝ ማፍያ፣ ለብስባሽ ጉድጓድና ለውኃ በርሜል ይሆናል። መደቦቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ተብለው ይሰየማሉ፤ ስማቸውም ከዚያ ወዲያ አይለወጥም።

5. ቁልቁለቱን ማመልከት። በተዳፋት ላይ ላለ ጓሮ ውኃ የሚወርድበት አቅጣጫ በቀስት ይመለከታል፤ መደቦቹም ቁልቁለቱን አቋርጠው እንዲዘረጉ ይደረጋል። ርቀት የሚለካው ገመዱን አግድም ወጥሮ ነው እንጂ በአፈሩ ላይ አስተኝቶ አይደለም።

የፀሐይና የጥላ ነገር

በንድፉ ላይ የሰሜን አቅጣጫ ሊመለከት ይገባል። ኮምፓስ ለሌለው ሰው አንድ በትር በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ መትከልና በዙሪያው ክብ መሥራት በቂ ነው። ጠዋት የበትሩ ጥላ ጫፍ ክቡን የሚነካበት ነጥብና ከሰዓት በኋላ እንደገና የሚነካበት ነጥብ በመሥመር ሲገናኙ፣ መሥመሩ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ይሆናል።

ሰቆጣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ 15ና በነሐሴ 14 አካባቢ፣ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት አራት ወራት ገደማ የቀትር ፀሐይ ከሰሜን በኩል ታበራለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ከደቡብ። በአውሮፓ የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት «ፀሐይ ሁልጊዜ ከደቡብ ናት» የሚሉትን እንዳለ መቀበል በእኛ ዘንድ የማያስኬደው ስለዚህ ነው።

በቁጥር ሲታይ፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የድንጋይ ካብ በታኅሣሥ 12 ቀትር ላይ ወደ ሰሜን 1.45 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ይኸው ካብ በሰኔ 14 ቀትር ላይ የሚጥለው ጥላ ግን ወደ ደቡብ ሲሆን ርዝመቱም 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በበጋ በመስኖ የሚለማ ቲማቲም ከካቡ በስተሰሜን ተጠግቶ ቢተከል አንድ መደብ ሙሉ በጥላ ሊዋጥ ይችላል። ያንኑ ቦታ ለሰላጣና ለችግኝ ማፍያ ማዋል ግን ከትነት ይታደጋል። እንዲህ ያለውን ጥላ በየወሩ አንድ ቀን በቀትር ተመልክቶ በንድፉ ላይ በእርሳስ ማስፈር ይበቃል። በሰቆጣ እውነተኛው ቀትር በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ገደማ ላይ እንደሚውል ልብ ይሏል፤ የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ባለ የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ መሥመር ነውና።

የወቅት ቅጂና ሰብልን ማፈራረቅ

የመጀመሪያው ንድፍ ሳይነካ ይቀመጣል። በየወቅቱ መጀመሪያ ከእርሱ አንድ ቅጂ ይወሰድና የተተከለው ነገር፣ ዘሩ የተገኘበት ስፍራና የተከላው ቀን ይጻፍበታል። የተሳሳተ ጽሑፍ በአንድ መሥመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም። ጽሑፉ በአማርኛም ሆነ በኽምጣንኛ ቢሆን ልዩነት የለውም፤ ዋናው ነገር ቤተሰቡ አንብቦ የሚረዳው መሆኑ ነው።

የወቅት ቅጂዎች ተደርድረው ሲታዩ ሰብልን ለማፈራረቅ መመሪያ ይሆናሉ። ለአራቱ መደቦች አራት ወገኖችን መመደብ ይቻላል፦ የቲማቲም ወገን (ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ)፣ የጎመን ወገን (ሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን)፣ የሽንኩርት ወገን (ቀይና ነጭ ሽንኩርት)፣ እንዲሁም የጥራጥሬ ወገን (ቦሎቄ፣ ባቄላ) ከካሮትና ከቆስጣ ጋር። ቲማቲምና ድንች መልካቸው ቢለያይም ዘመዳሞች በመሆናቸው አንዱን የሚያጠቃ በሽታ ብዙውን ጊዜ ሌላውንም ያጠቃል። ስለዚህ ድንች በተነሣበት መደብ ላይ ቲማቲም መተካት ሰብል ማፈራረቅ ሊባል አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነጥብ አለ። በክረምትና በበጋ ሁለት ጊዜ የሚለማ ጓሮ አራቱን ዙር የሚጨርሰው በአራት ዓመት ሳይሆን በሁለት ዓመት ነው። ለአንዳንድ በሽታዎች ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው። ለአብነት ያህል በአገራችን ነጭ ሽንኩርትን በብርቱ የሚጎዳውን ነጭ አበስብስ እንመልከት። ይህ በሽታ በሻጋታ የሚመጣ ሲሆን፣ በሽንኩርቱ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር፣ ቀጥሎም እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደቃቅ የሆኑ ጥቁር እንክብሎች ይታያሉ። እነዚህ እንክብሎች ሽንኩርት በሌለበት አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ በሕይወት መቆየት ይችላሉ። በዶማ ላይ በተጣበቀ አፈርና በመስኖ ውኃም ወደ ሌላ መደብ ይጓዛሉ።

እንግዲህ በሽታው ዛሬ በመደብ ሐ የታችኛው ጫፍ ከታየ፣ ያንን ቦታ ማስታወስ የሚገባው ገና ትምህርት ቤት ያልገባው ልጅ ነው ማለት ነው። አባት ጓሮውን ለልጅ ሲያወርስ የበሽታውን ስፍራ የሚያወርስበት ሁነኛ መንገድ ንድፉ ነው፤ የበሽታው መልክ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው ደግሞ ከንድፉ ጋር የተያዘው ፎቶግራፍ ነው።

ፎቶግራፍ፦ ከተመሳሳይ ቦታ ደግሞ ማንሣት

ከተመሳሳይ ቦታ በተደጋጋሚ የተነሣ ፎቶግራፍ ምን ያህል ሊያስተምር እንደሚችል የሰሜን ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አልፎ፣ የላስታን ተራሮች አቋርጦ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ ከጦሩ ጋር የነበሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች የመንገዱን መልክዓ ምድር አንሥተዋል። በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ያን ኒሰን፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ምትኩ ኃይሌና ሌሎች ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ስፍራዎች ፈልገው ከተመሳሳይ ነጥብ እንደገና ፎቶግራፍ አነሡ። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። የሰሜኑ መሬት ከዘመን ወደ ዘመን እየተራቆተ ብቻ መጥቷል የሚለው የተለመደ አስተያየት ከሥዕሎቹ ጋር አልተስማማም፤ በ1868ም መሬቱ በብዙ ቦታ የተራቆተ እንደነበረና በአጠቃላይ ሲታይ የዛሬው የዕፀዋት ሽፋን በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ የተነሣ የተሻለ እንደሆነ ታየ። ማስረጃው ሊገኝ የቻለው ፎቶግራፎቹ የተነሡበት ነጥብ ተፈልጎ ሊገኝ በመቻሉ ነው።

በጓሮ ውስጥ ይኸው ዘዴ በአነስተኛ መጠን ይሠራል፦

ሀ) ሁለት ቋሚ ነጥቦች ይመረጡና በድንጋይ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ በንድፉም ላይ «ፎ1» እና «ፎ2» ተብለው ይመዘገባሉ።

ለ) ስልኩ በ1.5 ሜትር በትር አናት ላይ ተደግፎ ይያዛል፤ ሥዕሉን የሚያቀርበው አገልግሎት አይነካም።

ሐ) በሥዕሉ ጠርዝ ላይ የማይለወጥ ነገር፣ ለምሳሌ የቤት ማዕዘን ወይም የተራራ ጫፍ፣ ሁልጊዜ እንዲገባ ይደረጋል።

መ) ሰዓቱ አንድ ይሁን። የቀትር ብርሃን ጥላን ስለሚያጠቁርና የቅጠልን ቀለም ስለሚያነጣ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ሠ) በየ15 ቀኑ አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም በረዶ፣ ተባይ ወይም በሽታ በታየ ቀን ይነሣል። ለተባይና ለበሽታ በቅርብ ሲነሣ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አጠገቡ ይቀመጣል፤ መጠኑ እንዲታወቅ።

ረ) የመደቡ ፊደልና ቀኑ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ በሥዕሉ ውስጥ ይገባል።

የመጨረሻው ነጥብ በአገራችን የተለየ ጥቅም አለው። አብዛኛው ስልክና ካሜራ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም ከእኛ በ6 ሰዓት ልዩነት ይመዘግባል። የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሣ ሥዕል በካሜራው ዘንድ የፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025 የ8 ሰዓት ሥዕል ነው። ንድፉ በአንዱ አቆጣጠር፣ ፎቶግራፉ በሌላው ከሆነ ሁለቱን ማገናኘት ያስቸግራል። ሰሌዳው ላይ የኢትዮጵያ ቀን ከተጻፈ ችግሩ ይወገዳል። ለፋይሉ ስም ሲሰጥም ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ መደብ በሚል ቅደም ተከተል «2017-06-01-ሐ» ተብሎ ቢጻፍ ሥዕሎቹ በራሳቸው በጊዜ ተራ ይሰለፋሉ። ወሩ በሁለት አኃዝ መጻፉ አስፈላጊ ነው፤ አለዚያ ሰኔ (10) ከጥቅምት (2) በፊት ይገኛል። ጳጉሜን 13 ተብላ ትመዘገባለች።

ከፎቶግራፍ ወደ ውኃ ልክ

ፎቶግራፍ ከትዝታ አልፎ መለኪያ የሚሆንበት መንገድ አለ። አራት ጎኑ አንድ አንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ይሠራና በሁለቱም አቅጣጫ አሥር አሥር ሲባጎ ይወጠርበታል፤ የመጀመሪያው ሲባጎ ከጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጣዮቹ እርስ በርሳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። እንዲህ 100 መገናኛ ነጥቦች ይገኛሉ። ክፈፉ በመደቡ ላይ ተይዞ ከበላዩ ፎቶግራፍ ይነሣና ከመቶዎቹ ነጥቦች ስንቱ በአረንጓዴ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ይቆጠራል። ቁጥሩ በቀጥታ በመቶኛ የመሬት ሽፋኑን ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ ናሙና ነው፤ 50 ቢቆጠር እውነተኛው ሽፋን በ40ና በ60 መካከል ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ከ48 ወደ 52 መለወጡን እንደ ዕድገት መቁጠር አይገባም።

የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው 56ኛ የመስኖ ጥናት መሠረት፣ የአንድ ሰብል የዕለት ውኃ ፍላጎት የሚገኘው የአካባቢውን መነሻ ትነት በሰብሉ መጣኝ በማባዛት ነው። የመነሻው ዘመን የሚያበቃው የመሬት ሽፋኑ 10 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ እስከ ሙሉ ሽፋን መጣኙ ቀስ በቀስ ያድጋል። ለጥቅል ጎመን መጣኙ በመነሻው 0.7፣ በሙሉ ዕድገት 1.05 ነው።

አሁን ንድፉንና ፎቶግራፉን እናገናኝ። ከንድፉ እንደምናነበው አንድ መደብ 1.2 ሲባዛ በ5፣ ማለትም 6 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት 1 ሊትር ነው። መነሻ ትነቱን ለስሌት ያህል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ብንወስድ፦

– ሽፋኑ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን፦ 6 × 5 × 0.7 = 21 ሊትር፤
– ሽፋኑ 40 በመቶ ሲደርስ (መጣኙ 0.85 ገደማ)፦ 6 × 5 × 0.85 = 25.5 ሊትር፤
– በሙሉ ሽፋን፦ 6 × 5 × 1.05 = 31.5 ሊትር።

በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ በመጀመሪያው ከአንድ ጀሪካን ጥቂት የሚበልጥ፣ በመጨረሻው ከአንድ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከተከላ ቀን ጀምሮ በየዕለቱ ሁለት ጀሪካን የሚያጠጣ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ 25 ቀናት በአንድ መደብ ብቻ 475 ሊትር፣ ማለትም ወደ 24 ጀሪካን የሚጠጋ ውኃ ከሚያስፈልገው በላይ ያፈሳል። ይህ ስሌት ግምት መሆኑ አይዘነጋም፤ አሸዋማ አፈር፣ ነፋስና የቦይ ብክነት ይለውጡታል፤ ጉዝጓዝ ደግሞ ይቀንሰዋል። አፈሩን በጣት ቆፍሮ ማየት ሁልጊዜ የመጨረሻው ዳኛ ነው። ሆኖም የት እንደሚጀመር በግልጽ ያመለክታል።

የመዝገቡ አጠባበቅ

ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ ደብተርም በክረምት ይረጥባል። ስለዚህ እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ ማድረግ ብልህነት ነው። የየወቅቱ ንድፍ ገጽ ራሱ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከሥዕሎቹም በወቅቱ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ የተነሡ ሦስት ያህሉ ታትመው በደብተሩ ውስጥ ይለጠፉ። ደብተሩ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። አንድ ቅጂም ከቤት ውጭ፣ በዘመድ ቤት ወይም በሌላ ስልክ ይኑር። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የዋግ ኽምራ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ሲመለስ መሬቱን ቢያገኝ እንኳ በቤት የቀረ መዝገብ ላያገኝ ይችላል።

ሥራው ለአንድ ሰው ብቻ መተው የለበትም። በትምህርት ቤት ስለ መጠነ ልክና ስለ መቶኛ የተማረ ልጅ ነጥቦቹን መቁጠርና ንድፉን መቅዳት ይችላል፤ ቅጠሉ ለምን እንደገረጣ የሚያውቀው ደግሞ አፈሩን ለዘመናት የኖረበት አረጋዊ ነው። የሁለቱ ዕውቀት በአንድ ገጽ ላይ ሲሰፍር መዝገቡ ይሟላል።

ማጠቃለያ

የጓሮ መዝገብ ጠቃሚ የሚሆነው ንድፉና ፎቶግራፉ በሁለት ነገሮች፣ በመደቡ ስምና በቀኑ፣ የተሳሰሩ እንደሆነ ነው። ይህ ሲሟላ ከንድፉ ስፋትን፣ ከፎቶግራፉ ሽፋንን ወስዶ የውኃን ልክ መገመት፣ በሽታ የነበረበትን አፈር ከዓመታት በኋላ ለይቶ ማወቅ፣ ሰብልንም በትክክል ማፈራረቅ ይቻላል። ሥራውን ለመጀመር አመቺው ጊዜ የክረምቱ ሰብል ተነሥቶ የበጋው ተከላ ከመጀመሩ በፊት፣ መሬቱ ባዶ ሆኖ መደቦቹ በግልጽ በሚታዩበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከአራቱ መደቦች በአንዱ ላይ ብቻ መዝገቡን አሟልቶ መያዝ በቂ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ በንድፉ ላይ ስማቸውና የተተከለባቸው ነገር ይጻፍ፤ ፎቶግራፉና ቆጠራው በሚቀጥለው ወቅት ይደርስባቸዋል።